የከርነል ሜሞሪ አሎኬተሩን ማናገር፦ የ8 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ቦርዱ ሚልክ-ቪ ዱዎ ነው፤ 64 ሜጋባይት ራም፣ ሪስክ-ቪ ሲ906 ኮር። በላዩ የሚሄደው ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የራሳችን ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ላይ የውኃ ታንከሮችን ከፍታ በአርኤስ485 መስመር ለሚሰበስብ ጌትዌይ የተጻፈ። ሊኑክስ በዚህ ቦርድ ላይ በደንብ ይሠራል፤ የራስ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይሁን።

ስለ አጻጻፍ፦ የሄክስ (በ16 መሠረት የሚጻፍ ቁጥር) ፊደሎችን በአማርኛ ነው የምንጽፋቸው። 6ቢ ማለት በተራ ቁጥር 107፣ ሲሲ ማለት 204 ነው። አድራሻዎች ሁሉ በሄክስ ናቸው።

ሳምንት 1፦ ከምን ተነሳን

አሎኬተሩ፣ ማለት ለጠየቀ ሁሉ ሜሞሪ የሚያድለው የከርነሉ ክፍል፣ የተለመደው ስላብ ነው፤ ስላብ እኩል መጠን ወዳላቸው ቁራሾች (ኦብጀክቶች) የተከፋፈለ ሜሞሪ ነው። 8 ካሾች (የየመጠኑ ክምችቶች) አሉ፣ ከ16 ባይት እስከ 2048፣ እያንዳንዱ የቀዳሚው እጥፍ። አንድ ስላብ አንድ ፔጅ፣ 4096 ባይት። ነፃ ኦብጀክቶች በፍሪሊስት ይያያዛሉ። ወደሚቀጥለው የሚጠቁመው ፖይንተር የሚቀመጠው እዚያው ነፃ ኦብጀክቱ ውስጥ፣ የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶች ላይ ነው። ቦታ ይቆጥባል፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ቦርዱ ሁለት ሦስት ቀን ይሠራና ይወድቃል። የሚያወጣው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ፔጅ ፎልት፣ አድራሻ 8041268000፣ ሜሞሪ_ስጥ ከ መልእክት_ተቀበል»፤ መልእክት_ተቀበል የጠራው ሜሞሪ_ስጥ የሌለ አድራሻ ነክቷል ማለት ነው። መልእክት_ተቀበልን ከላይ እስከ ታች አነበብነው፤ ንጹሕ ነው። እሱ ላይ የሚወድቀው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ደጋግሞ ሜሞሪ የሚጠይቅ ስለሆነ ብቻ ነው። ስህተቱ የተፈጸመበትና የታየበት ቦታ ተራርቀዋል። የዚህ ሥራ ዓላማ ያንን ርቀት ማሳጠር ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

አድራሻው ግን ይከነክናል። 80412680 የካሽ-64 ትክክለኛ አድራሻ ነው፤ 8041268000 ደግሞ ያው ቁጥር አንድ ባይት ወደ ግራ የተገፋ ይመስላል። ለጊዜው ተመዝግቦ ይቀመጥ።

ሳምንት 2፦ መርዝ

የመጀመሪያው ሥራ የተለቀቀ ኦብጀክትን በታወቀ ባይት መሙላትና ሲሰጥ መፈተሽ ነው። ባይቶቹን ከሊኑክሱ አሎኬተር፣ ከስለብ፣ ወሰድን። ስለብን ክሪስቶፍ ላሜተር ጽፎት በ2007 በ2.6.22 ገባ፤ የቀድሞው የሊኑክስ አሎኬተር፣ ስላብ የሚባለው፣ በ2024 በ6.8 ሲወጣ ስለብ ብቻውን ቀረ። የራሳችንን ምልክት መፍጠር ቀላል ነበር፤ ነገር ግን የሊኑክስ ሪፖርት ያነበበ ሰው 6ቢን ሲያይ ወዲያው ያውቀዋል፤ ይህን ዕውቀት ከንቱ ማድረግ ሞኝነት ነው። ስለዚህ፦ የተለቀቀ ኦብጀክት 6ቢ፣ የመጨረሻው ባይት ኤ5፣ ተሰጥቶ ገና ያልተጻፈበት 5ኤ።

ስህተት፦ ኮዱ እንደተጫነ ሁሉም ኦብጀክት «ተበላሽቷል» አለ። ምክንያቱ የፍሪሊስቱ ፖይንተር ራሱ ነው፤ መርዙ ላይ የሚጽፈው እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን 8 ባይቶች ከፍተሻ ማስወጣት ፈተነን፤ አላደረግነውም፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ያ ቦታ ነውና። ፖይንተሩን ከኦብጀክቱ ኋላ አወጣነው።

የካሽ-64 አዲስ አቀማመጥ፦ ከፊት 16 ባይት ሬድዞን፣ ማለት ማንም ሊጽፍበት የማይገባ የጥበቃ ወሰን (8 ቢበቃም አድራሻው የ16 ብዜት እንዲሆን)፣ 64 ባይት ኦብጀክት፣ ከኋላ 8 ባይት ሬድዞን፣ 8 ባይት ፖይንተር፣ ከዚያ ሁለት መዝገቦች፣ አንዱ ማን እንደወሰደው፣ ሌላው ማን እንደለቀቀው፣ እያንዳንዳቸው 48 ባይት። ድምሩ 192። በአንድ ፔጅ 64 ኦብጀክት ይገባ የነበረው 21 ሆነ፤ የተረፉት 64 ባይቶች በ5ኤ ይሞላሉ፤ እነሱም ይፈተሻሉ።

ዋጋው በትንንሾቹ ላይ ይብሳል። ካሽ-16 ከ256 ወደ 28 ወረደ። ካሽ-2048 ደግሞ በፔጅ 2 የነበረው 1 ብቻ ሆኖ 1920 ባይት በከንቱ ይቀራል። በሁሉም ካሽ ላይ አብርቶ መተው ስለማያዋጣ በቡት ጊዜ በካሽ ስም የሚመረጥ አደረግነው። ለስለብም ይህ ችግር አዲስ አይደለም፤ ዲባጉ (የስህተት ፍተሻው) ተጨማሪ ፔጅ በሚያስጠይቃቸው ካሾች ላይ ፍተሻውን የሚያጠፋ የተለየ የቡት ፊደል አለው፣ «ኦ»።

ሳምንት 3፦ ማን ወሰደ፣ ማን ለቀቀ

በመጀመሪያ የተመዘገበው የጠሪው አድራሻ ብቻ ነበር። ሪፖርቱ ሁልጊዜ «ጽሑፍ_ቅዳ» ይላል። ጽሑፍ_ቅዳን ግማሹ ከርነል ይጠራዋል። አንድ አድራሻ ምንም አይረባም፤ 4 አደረግነው።

ስታኩን (የጥሪዎችን ዱካ የሚይዘውን ሜሞሪ) ወደ ኋላ ለመከተል ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ፍሬም ፖይንተሩን (የእያንዳንዱን ጥሪ ቦታ የሚጠቁመውን) እንዳይጥል በአማራጭ መንገር ያስፈልጋል። በሪስክ-ቪ የመመለሻ አድራሻው ከፍሬም ፖይንተሩ 8 ባይት በታች፣ የቀድሞው ፍሬም ፖይንተር 16 ባይት በታች ይገኛል። ሁለቱን እያነበቡ መውጣት ነው። ጥንቃቄ፦ የተበላሸ ስታክ ላይ ይህ ኮድ ራሱ ይወድቃል፤ የወደቀውም ሪፖርት በማተም ላይ ሳለ ይሆናል። እያንዳንዱ ፍሬም ፖይንተር በዚያ ስሬድ ስታክ ወሰን ውስጥ መሆኑን፣ የ16 ብዜት መሆኑንና ከቀድሞው ከፍ ማለቱን መፈተሽ ግድ ነው። ሦስቱ ካልተሟሉ ማቆም።

አድራሻን ወደ ፈንክሽን ስም የምንቀይረው ላፕቶፑ ላይ በአድር2ላይን ነው። ኢንላይን የሆኑትን (በጠሪያቸው ውስጥ የተዋጡ ፈንክሽኖችን) እንዲያሳይ የ«አይ» አማራጭ ይጨመርበት፤ አለበለዚያ ግማሹ ጠሪ ይጠፋል።

ሁለት ሙሉ ቀን የበላ ስህተት፦ ሪፖርቱ «ሰዓት_አስተካክል ሜሞሪ ወሰደ» አለ፤ ይህ ፈንክሽን ደግሞ ሜሞሪ ጠይቆ አያውቅም። አንባቢው ኮድ ተጠረጠረ፣ ስታኩ ተጠረጠረ፣ ኮምፓይለሩም ሳይቀር። ነገሩ ግን ሌላ ነበር፤ ቦርዱ ላይ ያለው የትናንቱ ቢልድ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው የዛሬው ነው፤ አድራሻዎቹ በጥቂት መቶ ባይት ተንሸራተዋል። አሁን እያንዳንዱ ሪፖርት በቢልድ ቁጥር ይጀምራል፤ የመተርጎሚያው ስክሪፕትም ቁጥሩ ካልገጠመ አልተረጉምም ይላል። ከመጀመሪያው ቀን ሊኖር ይገባ ነበር።

ሳምንት 4፦ ሪፖርቱ ራሱ ቦርዱን ሲገድል

ሦስት የተለያዩ ውድቀቶች በአንድ ሳምንት፤ ሦስቱም ከአሎኬተሩ ሳይሆን ከሪፖርቱ ማውጫና መቅጃ።

አንደኛው ዴድሎክ። ስህተት ሲገኝ የካሹ ሎክ (ሌላ እንዳይነካው የሚዘጋው ቁልፍ) ተይዟል። የማተሚያው ፈንክሽን ለመስመሩ በፈር ሜሞሪ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ያንኑ ሎክ ይጠብቃል። ቦርዱ ጸጥ። መፍትሔው፦ ሪፖርቱ የራሱ 2 ኪሎባይት ቋሚ በፈር አለው፣ ሜሞሪ አይጠይቅም፣ ሎክ አይነካም፣ ሲሪያሉን ያለ ኢንተራፕት እየጠየቀ በቀጥታ ይጽፋል። ሪፖርት ላይ ሳለ ሌላ ስህተት ቢመጣ አንድ መስመር ብቻ አውጥቶ እንዲያልፍ ባንዲራ ተደረገለት።

ሁለተኛው ዋችዶግ፣ በጊዜው ካልተመገበ ቦርዱን እንደገና የሚያስነሳው ሰዓት ቆጣሪ። ሲሪያሉ በ115200 ነው፤ አንድ ባይት ከነመጀመሪያና ማቆሚያ ቢቱ 10 ቢት ስለሚወስድ በሰከንድ 11520 ባይት ያልፋል። አንድ ሙሉ ሪፖርት ከነሄክሱ 1500 ባይት ያህል ስለሆነ 0.13 ሰከንድ ይወስዳል፤ ይቻላል። ሙሉ ስላቡ ሲበላሽ ግን 21 ኦብጀክት ሁሉ ሪፖርት ያወጣል፦ 2.7 ሰከንድ፣ ኢንተራፕት ተዘግቶ። ዋችዶጉ 2 ሰከንድ ነው። ቦርዱ ሪፖርቱን ሳይጨርስ ይነሳል፤ የምናየው 15ኛው ኦብጀክት ላይ የተቆረጠ ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ በየመስመሩ ዋችዶጉን መመገብ ሞከርን፤ ሠራ፣ ግን ሪፖርቱ ራሱ ቢንጠለጠል የሚያነሳው የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ኦብጀክት ሙሉ ሪፖርት፣ የተቀሩት አንድ አንድ መስመር፤ ዋችዶጉም አንዴ ብቻ፣ ሲጀመር ይመገባል።

በነገራችን ላይ፣ ሪፖርቱን በአማርኛ ማድረግ ተሞክሯል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ ይህ ሒሳብ ተበላሸ። ቦርዱ በእንግሊዝኛ ያትማል፤ ስክሪፕቱ ላፕቶፑ ላይ ወደ አማርኛ ይገለብጠዋል፤ እዚህ ያሉት ናሙናዎች ከዚያ ናቸው።

ሦስተኛው መብራት። ሲሪያሉን የሚቀዳው ባትሪ የሌለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር። ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ፋይሉ ባዶ፤ የመቅጃው ፕሮግራም ጽሑፉን በፈሩ ውስጥ አስቀምጦ ገና ወደ ዲስክ አላወረደውም። አሁን በየመስመሩ ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ዴስክቶፑም በላፕቶፕ ተተካ። ቦርዱ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ላይ ሆነ፤ በኤልኤም2596 ሞጁል ወደ 5 ቮልት ወርዶ። ባትሪው 3,200 ብር። ከመርካቶ የተገዛው የሲፒ2102 ዩኤስቢ-ሲሪያል 650 ብር። ዱዎው በ3.3 ቮልት ነው የሚነጋገረው፤ አንዳንዱ አስማሚ 5 ቮልት የሚያደርግ ጃምፐር ስላለው ሽቦ ከማገናኘት በፊት በሜትር ይለካ። ጂፒ12 ላኪ፣ ጂፒ13 ተቀባይ፣ ግራውንድ ለግራውንድ።

ሳምንት 5፦ ሬድዞን

ሬድዞን ኦብጀክቱ በሥራ ላይ ሳለ ሲሲ፣ ሲለቀቅ ቢቢ ይሆናል። ድርብ መልቀቅን መያዝ በዚህ ቀለለ፤ ሊለቀቅ የመጣው ቢቢ ከያዘ ቀድሞ ተለቋል። ቢቢ ብቻውን ማስረጃ ስላልሆነ ፍሪሊስቱ ተቆጥሮ ይረጋገጣል። ኦብጀክት መሐል የሚጠቁም ፖይንተር ሲለቀቅም፣ ከፔጁ መነሻና ከፊት ሬድዞኑ ያለው ርቀት ለ192 ካልተካፈለ ይያዛል።

ያልያዘው ነገር የበለጠ አስተማሪ ነበር። አንድ ኮድ 52 ባይት ይጠይቃል፤ ካሽ-64 64 ይሰጠዋል። ከ52 አልፎ 12 ባይት ቢጽፍ ሬድዞኑ ጋ አይደርስም፤ ሪፖርት የለም። መፍትሔው የተጠየቀውን ትክክለኛ መጠን መያዝና ከዚያ እስከ 64 ያለውንም በሲሲ መሙላት ነው። መጠኑ የት ይቀመጥ? 4 ባይት መጨመር 192ን በ16 ብዜት ሕግ ወደ 208 ስለሚወስደው በፔጅ 19 ብቻ ይገባል። ለሲፒዩ ቁጥር የተያዘው 4 ባይት ግን አንድ ኮር ላለው ከርነል ብክነት ነው፤ 2 ባይት ለሲፒዩ፣ 2 ባይት ለመጠን ሆነ። ትልቁ መጠን 2048 ስለሆነ ይበቃል።

በዚያው ቀን ሁለት ሪፖርት መጣ። አንዱ ሐሰት፦ ሜሞሪ_አስፋ ከ40 ወደ 60 ሲያሳድግ ቦታው ስለሚበቃ ያንኑ ፖይንተር ይመልሳል፣ የተመዘገበውን መጠን ግን አያድስም። አንድ መስመር ተጨምሮ ተስተካከለ። ሁለተኛው እውነት፦

ካሽ-64፦ የኋላ ወሰን ተጥሷል
ቢልድ 418፣ የተጠየቀ 52
ባይት 52፦ 00፣ መሆን የነበረበት ሲሲ
የወሰደው፦ ጽሑፍ_ቅዳ ከ ታንከር_ስም_አንብብ

አንድ ባይት፣ ያውም ዜሮ። የጽሑፍ ርዝመት ተቆጥሮ ለማብቂያው ዜሮ 1 ሳይጨመርለት ሜሞሪ ተጠይቋል። በድሮው አቀማመጥ ስሙ ልክ የካሹን መጠን፣ ለምሳሌ 64 ባይት፣ እስኪሞላ ድረስ ማንንም አይጎዳም ነበር። ሆኖም ቦርዱ አሁንም መውደቁን አልተወም፤ የምንፈልገው ሌላ ነው።

ሳምንት 6፦ ማቆያ

መርዙ ከሳምንት 2 ጀምሮ አለ፣ ዋናው ስህተት ግን አልተያዘም። ምክንያቱ ፍሪሊስቱ መጨረሻ የገባውን መጀመሪያ ስለሚያወጣ ነው፤ የተለቀቀው ኦብጀክት ትኩስ እንደሆነ ሌላ ይወስደዋል። የዘገየው ጸሐፊ ሲመጣ መርዝ ላይ ሳይሆን በአዲሱ ባለቤት ዳታ ላይ ይጽፋል።

ስለዚህ ማቆያ፦ የካሽ-64 የተለቀቁ ኦብጀክቶች ወደ ፍሪሊስት ሳይሄዱ በወረፋ ይቆያሉ፤ አንድ ስሬድ በየሰከንዱ መርዛቸውን ይፈትሻል። በመጀመሪያ 32 ኪሎባይት ተሰጠ፣ ማለት 170 ኦብጀክት። ሦስት ቀን ምንም የለም። በሰከንድ 100 ያህል ኦብጀክት እንደሚለቀቅ ሲቆጠር ሁሉም ሰው ከ2 ሰከንድ በታች ነው የሚቆየው። ከርነሉ ውስጥ ደግሞ ብዙው ታይመር 5 ሰከንድ ነው። የማቆያው መጠን መለካት ያለበት በባይት ሳይሆን በጊዜ ነው። 256 ኪሎባይት ሆነ፤ 1365 ኦብጀክት፣ ወደ 13 ሰከንድ። በማግሥቱ ንጋት ላይ፦

ካሽ-64፦ ከተለቀቀ በኋላ ተጽፎበታል
ቢልድ 431፣ ፔጅ 80412000፣ ኦብጀክት 80412550
ባይት 0፦ 6ኤ፣ መሆን የነበረበት 6ቢ
6ኤ 6ቢ 6ቢ 6ቢ 6ቢ 6ቢ 6ቢ 6ቢ
የወሰደው፦ ግንኙነት_ክፈት
የለቀቀው፦ ግንኙነት_ዝጋ፣ ከ4960 ሚሊሰከንድ በፊት

ይህችን 6ኤ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ጽሑፍ ቢጻፍ ኖሮ ብዙ ባይት ይቀየር ነበር፤ ዜሮ ቢደረግ 00 ይታይ ነበር። እዚህ አንድ ባይት በአንድ ብቻ ቀንሷል፤ ይህ የመቀነስ ሥራ ነው። ሲፒዩው ዝቅተኛውን ባይት ስለሚያስቀድም ባለ 4 ባይት ቆጣሪ አንድ ሲቀነስለት የመጀመሪያው ባይት 6ኤ ይሆናል። በግንኙነት ስትራክት ባይት 0 ላይ ያለው ምንድን ነው? የማጣቀሻ ቆጣሪው፣ ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚቆጥረው።

የሳምንት 1 አድራሻም በዚህ ተፈታ። በድሮው አቀማመጥ ባይት 0 ላይ የነበረው የፍሪሊስቱ ፖይንተር ነው። 80412640 አንድ ሲቀነስለት 8041263ኤፍ ይሆናል። የመጀመሪያው ጠያቂ ምንም አይገጥመው። ሁለተኛው 8041263ኤፍን ይቀበላል፤ አሎኬተሩም «ቀጣዩ» ብሎ 8 ባይት ከዚያ ያነባል። ሲ906 ያልተስተካከለ አድራሻን ማንበብ ስለሚፈቅድ ማንም አልጮኸም። የተነበበው ግን የቀድሞው ኦብጀክት የመጨረሻ ባይት፣ 00፣ ከዚያ ቀጥሎ 80412680 ነው፤ ሲገጣጠም 8041268000። ሦስተኛው ጠያቂ ወደቀ። ያልተስተካከለ ፖይንተር የሚከለክል አንድ መስመር ፍተሻ ቢኖር ኖሮ በሁለተኛው ላይ ይያዝ ነበር፤ አሁን ገብቷል፣ ዲባግ ቢጠፋም ይሠራል።

ሳምንት 7 እና 8፦ የተዘጋ ፔጅ

ማን እንደወሰደና እንደለቀቀ ታወቀ፤ የቀነሰው አልታወቀም። በማቆያ የሚገኘው ማስረጃ እስከ 1 ሰከንድ ይዘገያል፤ በዚያ ጊዜ ጸሐፊው ሄዷል። ጸሐፊውን እጁ ላይ ለመያዝ የተለቀቀው ኦብጀክት ያለበትን ፔጅ ከፔጅ ቴብል (ሲፒዩው አድራሻ ከሚፈታበት ሠንጠረዥ) ማውጣት ነው፤ ያኔ የሚወድቀው ራሱ የጻፈው ኢንስትራክሽን ይሆናል። ሊኑክስ በ5.12 (2021) ያስገባው ኬፌንስ ይህንኑ ይሠራል፤ 255 ኦብጀክት፣ እያንዳንዱ በየራሱ ፔጅ፣ በመካከላቸው የተዘጋ ፔጅ፣ ድምሩ 2 ሜጋባይት። ለእኛ 31 ኦብጀክት በቃ፦ 64 ፔጅ፣ 256 ኪሎባይት።

የገጠሙ ነገሮች፦ ከርነሉ ራሙን የሚያየው በ2 ሜጋባይት ትልልቅ ፔጅ ስለሆነ አንድ 4 ኪሎባይት ፔጅ ብቻውን መዝጋት አይቻልም። ያ 2 ሜጋባይት ወደ 512 ትንንሽ ተከፋፈለ፤ ወጪው አንድ ተጨማሪ የፔጅ ቴብል፣ 4 ኪሎባይት። ከዚያ ፈተናው ተሠራ፤ ሆን ብለን የተለቀቀ ኦብጀክት ላይ ጻፍን። ጽሑፉ አለፈ! የፔጅ ቴብሉ ትክክል ነው፣ ቢቱ ጠፍቷል፣ ግን ቲኤልቢው (የፔጅ ቴብሉን ቅጂ የሚይዘው የሲፒዩ ማስታወሻ) የድሮውን ያስታውሳል። ከመዝጋት ቀጥሎ ያንን የሚያጸዳውን ኢንስትራክሽን፣ ኤስፌንስ.ቪኤምኤ፣ መጥራት ተረስቶ ነበር። የመከላከያ ኮድ ሲጻፍ መጀመሪያ መፈተን ያለበት መውደቅ ባለበት ቦታ መውደቁ ነው።

እንደ ኬፌንስ በየ100 ሚሊሰከንዱ አንድ ጥያቄ እየመረጥን ወደዚህ ቦታ ላክን። አራት ቀን ባዶ። ግንኙነት በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ዕጣው ሁልጊዜ ለመልእክት_ተቀበል ይወጣል። ዕጣ ለብዙ ሺህ ማሽን ጥሩ ነው፤ ለአንድ ቦርድ አይሆንም። ምርጫው በጠሪ ሆነ፦ ከግንኙነት_ክፈት የመጣ ሁሉ ወደ ተዘጋው ቦታ፣ ሌላው እንደ ድሮው። የተለቀቀውም ወደ ወረፋው ጅራት ስለሚሄድ 31ዱ እስኪዞሩ ከ10 ደቂቃ በላይ ተዘግቶ ይቆያል።

በ40 ደቂቃ ውስጥ ወደቀ፦ ቆጠራ_ቀንስ ከ ጊዜ_አለፈ። ግንኙነት ሲዘጋ የ5 ሰከንዱ ታይመር አይሰረዝም፤ ታይመሩ ሲጮህ የያዘ መስሎት ያልያዘውን ማጣቀሻ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ኦብጀክቱ ሌላ ባለቤት አግኝቶ ስለነበር ከሰው ዳታ ላይ አንድ እየቀነሰ ይሄድ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ታንከሩ ንባብ ላይ የሚታየው የአንድ ሴንቲሜትር ዝላይ፣ በሴንሰሩ ሲመካኝ የከረመው፣ ይኸው ነው።

ማስተካከያው 3 መስመር ነው፦ ታይመሩ ሲነሳ አንድ ማጣቀሻ ይይዛል፣ ሲጮህ ይመልሳል፣ ሲዘጋ መሰረዙ ከተሳካ ዘጊው ይመልሳል። መሰረዙ ካልተሳካ ታይመሩ እየሮጠ ነው ማለት ነውና ዘጊው መንካት የለበትም፤ በመጀመሪያው ሙከራ ይህን ስተን ሁለቱም መለሱ፣ የድርብ መልቀቅ ሪፖርቱም ወዲያው ያዘው።

በቋሚነት የበራው፦ የአድራሻ መስተካከል ፍተሻ፣ የቢልድ ቁጥር፣ 31ዱ የተዘጉ ቦታዎች ለአዲስ ኮድ ጠሪዎች። በቡት የሚበራው፦ መርዝ፣ ሬድዞን፣ መዝገብ፣ ማቆያ። የቀረው ሥራ ካሽ-2048ን በሁለት ፔጅ ስላብ ማድረግ ነው፤ በ8192 ውስጥ ባለ 2176 ባይቱ 3 ይገባል።